በሁለት ደመወዝ መሀል አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት፦ ከስሌቱ እስከ ካርታው

ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠራሉ፤ ደመወዛቸውን የሰማ ሁሉ «እነዚህማ ምን ጎደላቸው» ይላል። ኪራዩ ግን ይጨምራል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፣ ዕቃው ከካዛንችስ ወደ ገርጂ፣ ከገርጂ ወደ አያት ይጋዛል። በባንክ የብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከፊቴ የሚቀመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ሰነፎችም አባካኞችም አይደሉም። የሚያደናቅፋቸው ደመወዝ ቤት ይገዛል ብለው መነሣታቸው ነው። ደመወዝ ብድር ይሸከማል እንጂ ቤት አይገዛም። በብድሩና በቤቱ ዋጋ መካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው ሌላ ገንዘብ ነው፤ ትልቁ ሥራም እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ደመወዛችሁ የሚሸከመውን ብድር አስሉ

ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ምሽት ልጆቹን አስተኙና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ለምሳሌ የባል ደመወዝ 60,000፣ የሚስት 45,000 ብር ነው እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ የሆነው የደመወዝ ክፍል 35 በመቶ ይከፈልበታል። አቋራጭ ስሌቱ ጠቅላላ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። የባል ግብር 18,950፣ የሚስት 13,700 ብር ይሆናል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 4,200 እና 3,150 ብር፣ ሲነሣ እጅ ላይ የሚደርሰው 36,850 እና 28,150 ብር ነው። 105,000 ብር ተብሎ የተወራለት ገቢ ቤት ሲገባ 65,000 ሆኗል።

አሁን ከዚህ ውስጥ ሲሶውን፣ ወደ 21,600 ብር የሚጠጋውን፣ ለብድር ክፍያ መድቡ። ወለዱን በዓመት 16 በመቶ፣ ጊዜውን 20 ዓመት እናድርገው፤ እናንተ ባንካችሁ የነገራችሁን ቁጥር ተኩ። ይህ ክፍያ የሚሸከመው 1.55 ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። ወገባችሁን አስራችሁ የገቢያችሁን ግማሽ ብትመድቡ እንኳ ከ2.3 ሚሊዮን ብዙም አይዘልም። መሀል ከተማ ላይ ለአንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚጠራው ዋጋ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ይህን ቁጥር ስነግራቸው አንገታቸውን የሚደፉ ጥንዶች አይቻለሁ፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር ግን የለውም። እውነቱን ቀድሞ ያወቀ ሰው ጊዜውንና ቀብዱን ያተርፋል።

«ዓመቱን ብናራዝመውስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በዚህ ወለድ 1.55 ሚሊዮን ብሩን ከ20 ወደ 25 ዓመት ብታራዝሙት ወርኃዊ ክፍያው የሚቀንሰው በ500 ብር አካባቢ ብቻ ነው፤ በጠቅላላው የምትከፍሉት ግን ከ1.1 ሚሊዮን ብር በላይ ይጨምራል። ወለዱ ከፍ ባለ ቁጥር ዓመት ማራዘም የሚሰጠው እፎይታ እየመነመነ ይሄዳል። ባንኮች የብድሩን ጊዜ ከጡረታ ዕድሜ ጋር ስለሚያያይዙትም 45 ዓመት የሞላው ሠራተኛ 60 ዓመቱ ድረስ የቀረው 15 ዓመት ብቻ ነው።

በዚሁ ምሽት ሌሎች ግዴታዎቻችሁንም ዘርዝሩ። የመኪና ብድር፣ የመሥሪያ ቤት ብድር፣ ለወንድም ወይም ለባልንጀራ የገባችሁት ዋስትና ሁሉ ከመሸከም አቅማችሁ ላይ ይቀነሳል። ባንኩ የብድር ታሪካችሁን ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚያጣራ የተረሳ ዋስትና ፋይላችሁ ላይ ብቅ ይላል። ለእናትና ለአባት የሚላከውን ግን «እንቀንሰው» ብላችሁ አትጀምሩ። እንደ ቋሚ ወጪ ቁጠሩት፤ ወላጅን አስርቦ የሚሠራ ዕቅድ ሦስት ወር አይዘልቅም።

ሁለተኛ፦ ክፍተቱን የምትሞሉበትን ገንዘብ ለዩ

ቁጠባ ብቻውን ለምን እንደማይደርስ ግልጽ ነው። የቁጠባ ሒሳብ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ የዋጋ ንረቱ በ2014 እና 2015 ከ30 በመቶ በላይ የሄደባቸው ወራት ነበሩ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የሲሚንቶው፣ የብረቱ፣ የሊፍቱ ዋጋ አብሮ ዘለለ። ስለዚህ ቅድመ ክፍያን «በአሥር ዓመት እናጠራቅማለን» ማለት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ጊዜውን አሳጥሩ፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚል ገደብ አስቀምጡና በዚያ ውስጥ ከየት ከየት ሊሰበሰብ እንደሚችል ጻፉ።

መጀመሪያ መኪናውን ተመልከቱ። ብዙ ቤተሰብ ያለው ትልቁ ንብረት በር ላይ የቆመው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ነው። መሀል ከተማ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው መኪና ከቤት አይቀድምም። መኪናውን ሸጠው ሁለት ዓመት በታክሲ የሄዱ ጥንዶች የቤት ባለቤት ሲሆኑ አይቻለሁ፤ መኪናውን ይዘው ኪራይ ላይ የቀሩትም ብዙ ናቸው።

ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ንረት ባለበት ዘመን ቀድሞ የወጣለት ያተርፋል፣ መጨረሻ የደረሰው ይጎዳል። በመነጋገር ቀድማችሁ የምታገኙበት፣ አባላቱ የሚተዋወቁበት የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ከሆነ ግቡበት። ከቤቱ ግዢ ወር ጋር አገናኙትና ለመዝጊያው ክፍያ አውሉት።

መሥሪያ ቤታችሁንም ጠይቁ። ባንኮች ለራሳቸው ሠራተኞች በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ፤ ሌሎች ድርጅቶችም በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ የቤት ድጋፍ ያካትታሉ። ሰነዱን ያነበበ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ባንኮች ለዳያስፖራ ያዘጋጁትን የቤት ብድር ዝርዝር አብራችሁ እዩ። ወለድ የማይበሉ ቤተሰቦች ከወለድ ነፃ የፋይናንስ አገልግሎት የሚሰጡትን ባንኮች፣ ለምሳሌ ዘምዘምንና ሂጅራን፣ ይጠይቁ። በቤት ብድር ላይ ለመሥራት የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክም ከምትጠይቋቸው መካከል ይሁን። አንድ ባንክ «አሁን ብድር የለም» ስላለ ሁሉም እንዲሁ ነው ማለት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ የ14 በመቶ ጣሪያ ጥሎ ነበር፤ ኋላ ላይ ከፍ ቢያደርገውም ጣሪያ ባለበት ሁሉ የየባንኩ አቅም ከወር ወር ይለያያል። በሦስት ወይም በአራት ባንኮች ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ከዘመድ የምትቀበሉት ገንዘብ ካለ ስጦታ ይሁን ብድር ወይስ ድርሻ፣ በዚያው ቀን በወረቀት ይስፈር። «እኛማ እንተማመናለን» የሚለው ቃል ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ሲያቆም ኖሯል።

ሦስተኛ፦ እስከዚያው ኪራያችሁን በሕግ አስሩ

እያጠራቀማችሁ ሳለ አከራዩ በየስድስት ወሩ ከጨመረ ዕቅዱ ይፈርሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንዲሆን ይደነግጋል። ክፍያውን በባንክ ፈጽሙ። ከአከራዩ ጋር ጠብ ውስጥ ሳትገቡ ወረዳ ሄዳችሁ አብራችሁ አስመዝግቡ፤ ብዙ አከራዮች በጥሩ ቃል ሲጠየቁ እሺ ይላሉ።

አራተኛ፦ የምትገዙትን ቤት አሳንሱ እንጂ ወረቀቱን አታሳንሱ

መሀል ከተማን የምትፈልጉት ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ዘመዱ እዚያ ስለሆነ ነው፤ ተገቢ ምክንያት ነው። እንግዲያው በዚያው ገንዘብ ወይ መጠኑን ወይ ርቀቱን መምረጥ ግድ ይላል። የእኔ ምክር ልጆች ያሉት፣ ሁለቱም መሀል ከተማ የሚሠሩ ጥንዶች መጠኑን ቢቀንሱ ይሻላል የሚል ነው። ከልደታ፣ ከጎተራ፣ ከባሻ ወልዴ ችሎት ወይም ከባልደራስ ኮንዶሚኒየሞች ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ኮዬ ፈጬ ካለ ባለ ሦስት መኝታ ይልቅ የቤተሰብን ሰዓት ያተርፋል። በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልቅባት እናት የሰፊው ሳሎን ጥቅም ምኗ ነው?

ሊፍት የሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች ላይኛው ፎቅ ላይ ዋጋቸው ይቀንሳል። ጉልበት ያላችሁ ወጣት ጥንዶች ከሆናችሁ ይህ ቅናሽ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ አያት አብራችሁ የምትኖር ከሆነ ግን ተዉት። ቤቱን ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱና እዩ። ደላላው ሳሎኑን ሲያስጎበኛችሁ አንዳችሁ ወደ ኮሪደሩ ውጡና ልብስ የምታሰጣዋን ጎረቤት «እመቤት፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረጃው ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖችን ቁጠሩ፤ የጣሪያውን ሮቶ እዩ። ለጋራ ሕንፃው ማኅበር የሚከፈለውን ወርኃዊ መዋጮ፣ የጥበቃውንና የፍሳሹን ሁኔታ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠይቁ። ሻጩ ያልከፈለው ውዝፍ መዋጮ ካለ ለእናንተ እንዳይተርፍ በውሉ ይጻፍ።

አሮጌ የግቢ ቤት ካማራችሁ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በ2016 ፒያሳ ላይ፣ በ2017 ካዛንችስ ላይ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት የተነሡ ቤቶችን ሁላችንም አይተናል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ቦታው ለልማት ሲፈለግ ካሳው የሚሰላው በላዩ ላይ ባለው ንብረት ነው፤ ለሥፍራው የከፈላችሁት ውድ ዋጋ ተመልሶ አይመጣም። ክፍለ ከተማ ሂዳችሁ ቦታው በከተማው ፕላን ምን ተብሎ እንደተመደበ ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ።

ያልተሠራ ቤት በቅድሚያ ክፍያ ስለመግዛት አጭር ነገር ልበል። ክፍያው በየጊዜው ስለሚከፋፈል ደመወዝተኛውን ይስባል፤ ሆኖም ከፍሎ ለዓመታት ቤት ሳይረከብ የቀረ ሰው በዚህች ከተማ ሞልቷል። የግድ ከሆነ የመሬቱ ካርታ በአልሚው ስም መሆኑን፣ የግንባታ ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ እዩ። አልሚው ከዚህ በፊት የጨረሰው ሕንፃ ሄዳችሁ ነዋሪዎቹን «ካርታ በስማችሁ ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር ይታሰር እንጂ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ብቻ አይሁን። ምንዛሪ ሲለወጥ ዋጋው ይጨምራል የሚል አንቀጽ ካለ አጣሩ። የተነገራችሁ ካሬ ሜትር የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ የቤቱ የውስጥ ስፋት ለብቻው በውሉ ይጻፍ።

አምስተኛ፦ ወረቀቱን ከቤቱ በፊት መርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ብትዘገዩ አትከስሩም። ሻጩን ዋናውን ካርታ ጠይቁና ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቀጥሎ የጋብቻ ሁኔታውን ጠይቁ። በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ ስለዚህ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መጥቶ ይፈርም፣ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያቅርብ። ንብረቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይኑር፣ ወራሾች በሙሉ ይስማሙ፤ ከመካከላቸው አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚያ የዕዳና ዕገዳ ማጣሪያ አውጡ። ሻጩ ካለፈው ዓመት የያዘውን ሳይሆን አዲሱን። ቤቱ ለባንክ ብድር ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ በፍርድ ቤት ክርክር ታግዶ ሊሆን ይችላል፣ የሊዝ ውዝፍ ሊኖርበት ይችላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን፣ በዕጣ የደረሰው ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተጣለበት ገደብ መጠናቀቁን ማስረጃ ያሳዩአችሁ።

ገደቡ ያላለቀ ቤት ብዙ ጊዜ በውክልና ይሸጣል፤ ዋጋውም ስለሚረክስ ያጓጓል። አንድ ፋይል ከአእምሮዬ አይጠፋም። ባልና ሚስት በውክልና ገዝተው ገብተው ኖረውበታል፣ ወጥ ቤቱን በአዲስ ሴራሚክ አስውበዋል፣ ለልጃቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ ግድግዳው ላይ አሠርተዋል። ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ሞተ። የሰውየው ልጆች የወራሽነት ማረጋገጫ ይዘው መጡ። ውክልና ወካዩ ሲሞት በመርሕ ይቋረጣል፤ ወካዩ በፈለገ ጊዜም ሊሽረው ይችላል። ባልና ሚስቱ ወደ እኔ የመጡት ያንኑ ቤት ሁለተኛ ለመግዛት ብድር ፈልገው ነበር። እባካችሁ፣ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ሳትጠይቁ አትግዙ። ገደቡ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ወይም ካርታው በስሙ የወጣለት ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ስድስተኛ፦ ውልና ክፍያ

ቀብድ ስትሰጡ አነስተኛ ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፣ «ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም የሰነድ ጉድለት ከተገኘ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ይኑረው። ይህ ቃል ከሌለ ገዢው ሲያፈገፍግ ቀብዱ ለሻጩ የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ባንኩ የሚያበድረው የራሱ መሐንዲስ በሚሰጠው ግምት ላይ ተመሥርቶ እንጂ ሻጩ በጠራው ዋጋ አይደለም። ግምቱ ከዋጋው ዝቅ ካለ ልዩነቱን የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ከግምቱ በፊት የመጨረሻ ዋጋ አትቁረጡ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚፈጸመው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። መንደር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ቤት አያስገኝም። ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። ግብር ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ነገሩ ተበላሽቶ ገንዘባችሁን ለማስመለስ ስትቆሙ ግን በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ሁለታችሁም በስማችሁ ፈርሙ፤ ካርታውም በሁለታችሁ ስም ይውጣ።

ሰባተኛ፦ ከዋጋው በላይ የሚወጣውን አስቀድማችሁ ያዙ

ብዙ ቤተሰብ የመጨረሻውን ብር ለሻጩ ከፍሎ ለስም ዝውውር ሲለምን ይገኛል። ቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ አሹራ የሚባለው የስመ ንብረት ማዛወሪያ 4 በመቶ ነው፤ በስድስት ሚሊዮን ብር ግምት ላይ ሁለቱ ብቻ 360,000 ብር ናቸው። የደላላው ክፍያ፣ የባንኩ የግምት ክፍያና መድን፣ የቤት ማደሻ ይታከላል። ማን ምን እንደሚከፍል፣ ከሻጩ ወገን የሚጠየቀው የካፒታል ዕድገት ግብር ጭምር፣ በውሉ ይለይ። የደላላውን ዋጋም ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር ነው።

ስምንተኛ፦ ከገባችሁ በኋላ ዋናውን ብድር ቀጥቅጡ

ወደ ቀድሞው ምሳሌ እንመለስ። በ1.55 ሚሊዮን ብሩ ላይ በመጀመሪያው ወር ከምትከፍሉት 21,564 ብር ውስጥ ወለዱ 20,667 ብር ነው፤ ከዋናው የሚቀነሰው 900 ብር እንኳ አይሞላም። በየወሩ 5,000 ብር ብትጨምሩ ግን የ20 ዓመቱ ብድር ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ባንኩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀድሞ መክፈል ቅጣት አለው ወይ? ትርፍ ክፍያውስ ከዋናው ብድር ላይ ወዲያው ይቀነሳል ወይ? መልሱ ከተመቸ ጉርሻ ሲገኝ፣ ደመወዝ ሲጨምር፣ ዕቁብ ሲወጣ ሶፋ ከመቀየር በፊት ግማሹን እዚያ አስገቡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትጨምሩት ብር የሚያድንላችሁ ወለድ ኋላ የምትጨምሩት ከሚያድነው እጅግ ይበልጣል።

የሦስት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ግን ለብቻው ይቀመጥ። ከሁለታችሁ አንዱ ሥራ ቢያቆም ወይም ቢታመም ባንኩ ከሚደውል በፊት እናንተ ባንኩ ጋ ሂዱ። ገና ሳይዘገይ የመጣ ተበዳሪ የክፍያ ጊዜው እንዲስተካከልለት የመጠየቅ ዕድል አለው፤ ስልክ ማንሣት ያቆመ ተበዳሪ ግን ለሐራጅ መንገድ ይከፍታል።

ብድሩ ሲያልቅ ባንኩ የሚሰጠውን የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ወደ ክፍለ ከተማው ውሰዱት። ዕግዱ ከፋይሉ ላይ መነሣቱን የሚያሳይ አዲስ ማጣሪያ አውጡና ዋናውን ካርታ ከባንኩ ተረከቡ።